ባዶ እግሩ ጌን፦ አንድ ታሪክ ስንት ቤት ይዞራል?

አንድ የጥበብ ሥራ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ምኑንስ ደጅ ላይ አራግፎ ይገባል? ልቦለድ ቲያትር ሲሆን፣ ቲያትርም ፊልም ሲሆን «ቅርጹ ተለወጠ እንጂ ይዘቱ ያው ነው» ማለት በመካከላችን የተለመደ ነው። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም። ለክርክራችን ምስክር እንዲሆነን ጃፓኖች ማንጋ ከሚሏቸው የሥዕል ታሪኮች አንዱን እንጥራ፤ «ሐዳሺ ኖ ጌን»ን፣ በእኛ አፍ «ባዶ እግሩ ጌን»ን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲውም ሠዓሊውም ኬይጂ ናካዛዋ ነው። በ1939 ሂሮሺማ ተወለደ። ኦገስት 6 ቀን 1945 ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አሜሪካ የአቶም ቦምብ ስትጥል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ የግንብ አጥር ከለለውና ተረፈ። አባቱ፣ ታላቅ እኅቱና ታናሽ ወንድሙ አለቁ። እናቱ በዚያው ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኗም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በከተማይቱ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

ናካዛዋ አድጎ ቶክዮ ገብቶ የሥዕል ታሪክ ሠሪ ሲሆን ስለዚያ ቀን ለዓመታት አልሣለም። ዝምታውን የሰበረው የእናቱ ሞት ነው። በ1966 አስከሬኗ እንደ አገሩ ልማድ ሲቃጠል፣ ከአመዱ ውስጥ ተለቅሞ የሚቀበር አጥንት እንኳ አልተገኘም። ጨረሩ አጥንቷን ሳይቀር በላው ብሎ አመነ፤ ተቆጣም። ከዚያ በኋላ ስለ ቦምቡ የሠራውን የመጀመሪያ ታሪክ ትልልቆቹ መጽሔቶች አልቀበልም አሉት፤ በ1968 አንድ የአዋቂዎች መጽሔት አወጣለት። «ጌን» ራሱ የተጀመረው በ1973 «ሾኔን ጃምፕ» በተባለው የወንዶች ልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው። ጌን ማለት ሥር፣ መነሻ ማለት ነው።

ታዲያ ይዘቱ ምንድን ነው? «ቦምቡ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ግን እኮ ታሪኩ በቦምቡ አይጀምርም። የሚጀምረው በጌን አባት ነው። ሰውዬው የእንጨት ጫማ ላይ ቀለም እየቀባ የሚኖር ድሃ ነው፤ ጦርነቱን በግልጽ ይቃወማል። ጎረቤት «ከሃዲ» ይለዋል፣ ፖሊስ ያስረዋል፣ ይደበድበዋል፤ ልጆቹ በመንገድ ይሰደባሉ፣ ይገፋሉ። ከጎናቸው የሚቆመው አቶ ፓክ የሚባል ኮሪያዊ ጎረቤት ነው፤ እሱም ራሱ በጃፓኖች የሚናቅ። አባትየው ልጆቹን እንደ ስንዴ ቡቃያ ሁኑ ይላቸዋል፤ በብርዱ ወራት ሲረግጡት ሥሩ የሚጠነክር ቡቃያ።

እንግዲህ ይህ ሥራ ጣቱን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይቀስራል። አንዱ ጣት ቦምቡን ወደ ጣለው ኃይል ነው። ሌላው ጣት ወደ ራሱ አገር ነው፦ ሕዝቡን ወደ ጦርነት ወደ ነዱት ጄኔራሎች፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ፣ አጨብጭቦ ወደ ተከተለው ጎረቤት። ለእኛ የሥራው ይዘት እነዚህ ሁለት ጣቶች ናቸው፤ አንዱ ከተቆረጠ ያው ሥራ ነው ለማለት ይከብደናል።

አሁን ጉዞውን እንከተል። «ጌን» ከሳምንታዊው መጽሔት በ1974 ወጣ። በ1975 ሌላ አሳታሚ በመጽሐፍ መልክ አወጣው። ቀጣዩ ክፍል አንድ የዜጎች ወርኃዊ ላይ፣ ከዚያ የኮሙኒስት ፓርቲው መጽሔት ላይ፣ በመጨረሻም የመምህራን ማኅበሩ መጽሔት ላይ እየወጣ ተቋጨ፤ ጠቅላላው አሥር ቅጽ ሆነ። ቤቱ ሲለወጥ ሥራውም ተለወጠ። በልጆቹ መጽሔት ዘመን ቡጢው፣ ቀልዱና ዘፈኑ ይበዛል፤ የልጆች ታሪክ ደንብ ነውና። በኋለኞቹ ቅጾች ግን ሁለተኛው ጣት ይበልጥ ይቀሰራል፤ የጃፓን ጦር በእስያ አገሮች የፈጸመው ግፍ ሳይቀር ይሣላል።

ወደ ፊልም የወሰደው ቴንጎ ያማዳ ነው፤ በ1976፣ በ1977 እና በ1980 ሦስት ፊልም ሠራ። በመጀመሪያው ታዋቂው ሬንታሮ ሚኩኒ አባቱን ሆኖ ተጫወተ፤ የቤተሰቡ መሰደድም በፊልሙ አልቀረም። በ1981 ኦፔራ ሆነ፤ በኋላም የሙዚቃ ቲያትር።

ከሁሉ ይልቅ ዝነኛው በ1983 የወጣው የካርቱን ፊልም ነው። ማሳኪ ሞሪ አዘጋጀው፣ ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ ሠራው፣ ጽሑፉን የጻፈው ናካዛዋ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። የቦምቡን ቅጽበት እንደዚህ ፊልም ያሳየ ሌላ ቅርጽ የለም፤ ሕፃን፣ ሽማግሌና እናት ከዓይናችን ፊት ሲቀልጡ የሚታይበትን ያን ትርኢት ተዋናይ ሊጫወተው አይችልም። ሥዕል ሲንቀሳቀስና ድምፅ ሲያገኝ ምን እንደሚያተርፍ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የከፈለውንም ዋጋ ግን እንቁጠር። የጌን ታላላቅ ወንድሞች ከፊልሙ ወጥተዋል። አባትየው በጦርነቱ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ይናገራል እንጂ፣ በጎረቤትና በፖሊስ የደረሰበት መከራ እጅግ ተመናምኗል። ካርቱኑን ብቻ ያየ ሰው የአንድ ደግ ቤተሰብ ሰማይ በድንገት ተቀደደ ብሎ ያዝናል፤ ማን ወደዚያ እሳት እንደነዳቸው ግን አይጠይቅም። በ1986 ሁለተኛ የካርቱን ፊልም ተከተለ፤ በ2007 ደግሞ በሁለት ምሽት የታየ የቴሌቪዥን ድራማ ወጣ።

«አሥር ቅጽ በሰዓት ተኩል ፊልም እንዴት ይገባል? መቀነስ ግድ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። ልክ ነው፣ መቀነስ ግድ ነው። ምን እንደሚቀነስ ግን ግድ አይደለም፤ ምርጫ ነው። የያማዳ ፊልምም እኮ ፊልም ነው፤ እሱ ያላስቀረውን ካርቱኑ አስቀርቷል።

ምርጫው ከጥበብ ቤት ወጥቶ ወደ ቢሮ ሲገባ ደግሞ ምን እንደሚሆን እንይ። በማትሱዬ ከተማ የትምህርት ቦርዱ በ2012 መጨረሻ «ጌን» ከትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ተነሥቶ ተማሪ በነጻ እንዳይደርስበት ጠየቀ። ምክንያቱ የጃፓን ወታደሮች ግፍ የተሣለባቸው ገጾች ናቸው፤ ለልጅ ይከብዳሉ ተባለ። ናካዛዋ በዚያው ዲሴምበር ሞተ። ነገሩ በ2013 ኦገስት ሲሰማ ጩኸት ተነሣና ትእዛዙ ተሻረ። በ2023 ደግሞ የሂሮሺማ ከተማ ራሷ ከሰላም ትምህርት መማሪያዋ ላይ አወጣችው። ለአስቸጋሪነት የተጠቀሱት ትርኢቶች ጌን ገንዘብ ለማግኘት በመንገድ ሲዘፍንና ለእርጉዝ እናቱ ዓሣ ሲሰርቅ የሚታይባቸው ናቸው። የሚገርም ነው! የተራበ ልጅ ዓሣ መስረቁ አስቸገረ።

በሌላ በኩል የሥራውን ሙሉ አካል ይዘው የዞሩ አሉ። በ1976 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በእግር ካቋረጠው የሰላም ጉዞ መካከል ወጣት ጃፓናውያን ነበሩ፤ መጽሐፉን ያዩ አሜሪካውያን ባልንጀሮቻቸው «ተርጉሙልን» አሏቸው። ቶክዮ ሲመለሱ ፈቃደኞችን አሰባሰቡ፤ «ፕሮጀክት ጌን» ተባሉ። በ1978 የመጀመሪያው ቅጽ በእንግሊዝኛ ወጣ። እንደነዚህ ባሉ ፈቃደኞች ጥረት ሥራው ብዙ ቋንቋዎች ገባ፤ አሥሩም ቅጽ በእንግሊዝኛ እስኪሟላ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። እነዚህ ሰዎች ስቱዲዮ አልነበራቸውም። የነበራቸው ትዕግሥት ነው፤ ሁለቱንም ጣት ሳይቆርጡ ማሻገራቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ የምንወስደው ለራሳችንም ይሠራል። በየክበባችን ልቦለድ ወደ መድረክ ስናወጣ፣ ግጥም በዜማ ስናቀርብ፣ «ያምራል ወይ? ይሸጣል ወይ?» ብቻ አንበል። የሚያስለቅሰውን ክፍል ሁሉም ቤት በደስታ ይቀበለዋል፤ እንግዳ ነውና ጉዳት የለውም። የሚጠይቀው ክፍል ነው በር ላይ የሚቆመው። የተቀነሰው የትኛው እንደሆነ፣ ማንንስ ላለማስከፋት እንደተቀነሰ መጠየቅ የሐያሲ ሥራ ነው፤ የአንባቢም ጭምር።