አጥር የነበረው ውሻ

«ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር ስናይ ብዙዎቻችን የምናስበው ጆሮው የቆመውን፣ ጀርባው የጠቆረውን የጀርመን ውሻ ነው። ከፖሊስ፣ ከወታደርና ከዘበኛ ጋር እናውቀዋለን። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ግን «የጀርመን እረኛ ውሻ» ማለት ነው።

እረኝነቱ እኛ ከምናውቀው ይለያል። እኛ ዘንድ በጎቹን የሚመልሰው ልጁ ነው፤ ውሻው ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። በጀርመን ግን ግጦሹ አጥር ከሌለው የሰብል ማሳ ጋር ይዋሰን ስለነበረ ውሻው በድንበሩ ላይ ሲመላለስ ይውላል። አጥሩ እሱ ራሱ ነው። አንዲት በግ አንገቷን ወደ ስንዴው ስትሰድ ሳያቆስል ይመልሳታል፤ ጌታው ርቆ ቢቆምም ትእዛዝ አይጠብቅም። ዛሬ በየግቢው የምንፈራው ንቃት ከዚህ የመጣ ነው።

በየአካባቢው መልካቸው የተለያየውን እረኛ ውሾች ወደ አንድ ዘር ያመጣቸው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። ኤፕሪል 3 ቀን 1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካርልስሩኸ ከተማ የውሻ ትርኢት ላይ አንድ ውሻ አይቶ ገዛና ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር በተቋቋመው ማኅበር የዘር መዝገብም ቁጥር 1 ሆኖ ተጻፈ።

ዳሩ ግን እረኝነቱ ራሱ እያለቀበት ነበር። በ1873 ወደ 25 ሚሊዮን ይጠጉ የነበሩት የጀርመን በጎች በ1900 ከ10 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ሽቴፋኒትስ ሥራ የፈታ ውሻ ዘሩ እንደሚበላሽ ስላመነ ወደ ፖሊስና ወደ ጦሩ መራው። በዚህም ዘሩ ተረፈ፤ በ1916 በኦልደንበርግ ከተማ በጦርነቱ ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮችን የሚመሩ ውሾች ማሠልጠኛ ተከፈተ። እንግሊዞች በበኩላቸው «ጀርመን» የሚለውን ስም ጠልተው «አልሳሺያን» አሉት፤ እስከ 1977 ድረስ ስሙ አልተመለሰለትም።

የከፋው ኋላ መጣ። በናዚ ማጎሪያ ካምፖች አጥር ዙሪያ ያው ወሰን የመጠበቅ ጠባይ ሰውን ለማሸበር ዋለ። ሽቴፋኒትስ ይህን ሁሉ ሳያይ ማኅበሩ በተመሠረተ ልክ በ37ኛ ዓመቱ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1936 ሞተ። ከዚያ ወዲህ የትርኢት አርቢዎች ጀርባውን ወደ ኋላ እያዘቀዘቁት መጥተዋል፤ ለሥራ የተፈጠረን እንስሳ ለዓይን ብሎ መለወጥ፣ በእኔ ግምት፣ ውለታ መርሳት ነው።

በጀርመን የእረኛ ውሾች ውድድር ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። ውሻው ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ በግጦሹና በሰብሉ መካከል ያለውን መስመር ይዞ መመላለሱ ነው።