ከባሕር በታች የተሰማ መዶሻ

ዲሴምበር 18 ቀን 1927 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቶም ኢዲ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂ በማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ከፕሮቪንስታውን ከተማ ወዲያ፣ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ታች ወረደ። ከእግሩ ሥር ኤስ-4 የተባለችው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ተኝታለች። ከአንድ ቀን በፊት ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ነበር የሰጠመችው። ኢዲ በብረት ጫማው እየተንፏቀቀ መርከቧን እያንኳኳ ሄደ። አብዛኛው ክፍል መልስ የለውም። ከፊት በኩል፣ የቶርፔዶው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ከውስጥ ስድስት ጊዜ ተንኳኳለት። ስድስት ሰው በሕይወት አለ ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጆሮ የሚከብድ ነው። ወደ መርከቧ አየር የሚያስገባ ቱቦ ለማሰር ፍሬድ ሚሸልስ የተባለ ጠላቂ ወረደ፤ የራሱ የአየር ቱቦና ገመድ በስብርባሪው ተተበተበና እዚያው ቀረ። ኢዲ በዚያው ዕለት ዳግመኛ ወርዶ፣ በጨለማው ውስጥ የብረት መጋዝ ይዞ፣ የገዛ ልብሱ በብረት ተቀዶ ውሃ እየገባበት ባልደረባውን ፈትቶ አወጣው። ለዚህ ሥራው የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልሟል። ማዕበሉ ግን በረታና ጠላቂዎቹ መውረድ አልቻሉም። ስድስቱ ሰዎች በመዶሻ እያንኳኩ ተስፋ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ፤ ከላይም የሚቻለው ሁሉ እየተደረገ ነው ተባሉ። በሦስተኛው ቀን መዶሻው ዝም አለ። በኤስ-4 የሞቱት በጠቅላላ 40 ናቸው።

ከጀግንነት በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። ኢዲን የሚያህል ሰው ከየት ይመጣል? የጎደለው ዕቃና ልምምድ ነው፤ ከሰጠመ መርከብ ሰው የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ አልተበጀም። አሳቡ ግን ነበር። ቻርልስ ሞምሰን የተባለ መኮንን በ1925 ኤስ-51 የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ስትሰጥም ጓደኞቹን አጥቶ ነበርና፣ በመርከቧ መውጫ ክዳን ላይ ሄዶ የሚገጥም የብረት ደወል ነድፎ ለበላዮቹ ልኳል። ንድፉ ከመሳቢያ ገባ። በኋላ ሞምሰን ራሱ ንድፉ ወደተላከበት መሥሪያ ቤት ሲዛወር ወረቀቱን ማንም ሳይነካው አገኘው፤ ቢያስታውሳቸውም አይሆንም አሉት። (ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር እኛም እናውቀዋለንና ብዙ አላብራራም።) ኤስ-4 የሰጠመችው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ጠላቂን የሚገድለው መስጠም ብቻ አይደለምና። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት የሚሆነውን አስቡ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚተነፈስ አየር በግፊቱ ኃይል ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ጠላቂው ፈጥኖ ከወጣ በአየሩ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ልክ እንደ አምቦው ይፈላል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እግር ሽባ ይሆናል፣ ሲብስም ይገድላል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር ምክንያቱን በ1878 ጽፎታል። መድኃኒቱን በቁጥር ያስቀመጠው ግን ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሐልዴን ነው። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ጠይቆት፣ ለንደን ውስጥ ፍየሎችን በብረት ታንክ እያስገባ ግፊቱን ከፍና ዝቅ አደረገባቸው። ፍየል ሕመሙን አትደብቅም፤ የፊት እግሯን አንስታ ታጥፋለች። ሐልዴን ከእነዚህ እግሮች ያነበበው፣ ሰውነት የለመደው ግፊት በአንድ ጊዜ በግማሽ ቢቀነስለት እንደሚችለው ነው። ስለዚህ (ከውሃው በላይ ያለው የአየር ግፊትም ስለሚቆጠር) 40 ሜትር ላይ የቆየ ጠላቂ እስከ 15 ሜትር ሳይቆም ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየደረጃው እየቆመ፣ ናይትሮጅኑን እየተነፈሰ ያስወጣል። ሠንጠረዡ በ1908 ታተመ። የሐልዴን ረዳት የነበረው መኮንን ጋይቦን ዳማንት ከ1917 ጀምሮ በአየርላንድ ጠረፍ ከሰጠመችው ሎሬንቲክ መርከብ ከ3,000 በላይ የወርቅ ጡብ ሲያስወጣ አንድም ጠላቂ አልሞተበትም። ሥራው ሰባት ዓመት ፈጅቷል።

ከኤስ-4 በኋላ የአሜሪካ ሕዝብ ጮኸ፤ መሳቢያውም ተከፈተ። የሚገርመው፣ ሞምሰን የፈጠረውን ማምለጫ መተንፈሻ የሞከረው ከባሕር በወጣችው በዚያችው ኤስ-4 ውስጥ ሆኖ ነው። ደወሉን አለን ማኬን የተባለ ባልደረባው አሻሽሎ ጨረሰው። በ1930 ኒው ለንደን ላይ 30 ሜትር ውሃ የሚይዝ የልምምድ ማማ ቆመ፤ መርከበኛው ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ መውጣትን ይለማመድበት ጀመር። በዋሽንግተን ደግሞ ጠላቂዎቹ በግፊት ታንክ ውስጥ ከሐኪሞች ጋር ይውሉ ነበር። ከሐኪሞቹ አንዱ አልበርት ቤንኬ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ጠላቂውን እንደ ሰካራም የሚያደርገው ናይትሮጅን መሆኑን በ1935 አመለከተ። በናይትሮጅን ፈንታም ሂሊየም ይሞከር ነበር።

ፈተናው የመጣው ሜይ 23 ቀን 1939 ነው። ስኳለስ የተባለችው አዲስ ሰርጓጅ መርከብ 59 ሰው እንደያዘች በኒው ሃምፕሻየር ጠረፍ 74 ሜትር ላይ ሰጠመች። በኋለኛው ክፍል የነበሩት 26 ሰዎች ወዲያው አለቁ፤ 33ቱ በፊተኛው በኩል ቀሩ። መርከቧ ወደ ላይ የላከችው የስልክ ገመድ ጥቂት ካነጋገረ በኋላ ተበጠሰ፤ እንደገና መዶሻ ተሰማ።

ሞምሰን ሰዎቹን ይዞ ከዋሽንግተን በረረ። በማግስቱ አንድ ጠላቂ ወርዶ የደወሉን ገመድ ከክዳኑ ጋር አያያዘ፤ ደወሉ በገመዱ እየተመራ ወርዶ ክዳኑ ላይ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ሲወጣ የባሕሩ ግፊት ራሱ ከመርከቧ ጋር አጣበቀው። መጀመሪያ 7፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 9። አራተኛው ላይ፣ 8ቱ የመጨረሻ ሰዎች ተሳፍረው እያለ ገመዱ ተያዘ፤ ቆይቶም ደወሉን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ ክሩ እየተበጠሰ እየሳሳ ሄደ። አዲስ ገመድ እንዲያስሩ የወረዱት ጠላቂዎች አየር ነበር የሚተነፍሱት፤ አእምሯቸው ደነዘዘና አልሆነላቸውም።

ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው። ሞምሰን ሌላ ጠላቂ፣ ሌላ ደፋር እያለ አልላከም። ናይትሮጅን በሰው ላይ የሚያደርገውን ከዓመታት ልምምድ ያውቃልና፣ መላኩን አቁሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ደወሉ በትንሽ በትንሹ እንዲቀልል አስደርጎ፣ መርከበኞቹ ያን የሳሳ ገመድ በእጃቸው እንዲስቡ አዘዘ። ደወሉ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ከአራት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ብቅ አለ። 33ቱም ወጡ። ከዚያ ስኳለስን ለማንሳት በተደረገው የወራት ሥራ ሂሊየሙ አገልግሎት ላይ ዋለ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ተጠልቆም አንድ ጠላቂ አልጠፋም።

ስኳለስ ከሰጠመች ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጁን 1 ቀን፣ የብሪታንያዋ ቴቲስ በሊቨርፑል ባሕረ ሰላጤ ሰጠመች። ጅራቷ ከውሃ በላይ እየታየ እንኳ ከ103 ሰዎች የወጡት 4 ብቻ ናቸው። በኦገስት መርከቧን ለማንሳት ከወረዱት ጠላቂዎች አንዱ በግፊት ሕመም ሞተ። ሐልዴን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሠንጠረዡን የሠራውም ለዚያው ባሕር ኃይል ነበር።