«ዋጋ ሊጨምር ነው» ሲባል፦ የባለሙያ ትንበያ ኪሳችን ውስጥ እንዴት ይገባል?

ካርቱም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዶላር ወሬ ከሱቅ አልአረቢ ተነስቶ ዴም ሰፈር እስኪደርስ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። ወሬውን ተከትሎ የዘይትና የስኳር ዋጋ ይነሳል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኢኮኖሚ ትንበያ ባለሙያዎች ያለፈውን አይተው ስለ ወደፊቱ የሚሰጡት ግምት ነው። ለምሳሌ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ትንበያ ያወጣል። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር ነጋዴው «ይህን ሸጬ በዚሁ ገንዘብ ሌላ አልተካም» ብሎ ዛሬውኑ ይጨምራል። የቤት እመቤቷም «ሳይወደድ ልግዛ» ብላ የወሩን ገንዘብ በአንድ ቀን ታወጣለች። ሁሉም ሲሻማ ዕቃ ያጥራል፤ የተፈራው ቀን ሳይደርስ ዋጋው ይወጣል።

ግን ሁሉም ዜና እኩል አይነካንም። በየካቲት 2021 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ የዶላርን ይፋዊ ዋጋ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ አወጣው። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ሆኖም ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያው አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃም አብዛኛው በዚያው ሒሳብ ይሸጥ ነበር። በሰኔ የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማ ሲነሳ ግን ጭማሪው በቀጥታ ትራንስፖርት ላይ አረፈ።

«ንረት ቀነሰ» የሚለው ዜናም ያደናግራል። የሱዳን ዓመታዊ ንረት በሐምሌ 2021 ከ420 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ወደ 87 በመቶ ወረደ። ታዲያ ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

ባለሙያም ቢሆን ነቢይ አይደለም። በሚያዝያ 2023 አይ.ኤም.ኤፍ. ሱዳን በዚያ ዓመት በጥቂቱ ታድጋለች ብሎ ገመተ። በቀናት ውስጥ፣ ሚያዝያ 15፣ ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ፈነዳ። በጥቅምት ድርጅቱ ግምቱን ገልብጦ ኢኮኖሚው 18 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል አለ።

ስለዚህ እኔ ትንበያ ስሰማ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማን ተናገረው? ስለ የትኛው ጊዜ ነው? እኔ የምገዛውን ነገር ይነካል? መልሱ «ይነካል» ከሆነ፣ በካምፕ የምትኖሩም ብትሆኑ የማይበላሸውን ነገር አቅም በፈቀደ ቀድሞ መግዛት ደግ ነው። በወሬ ተደናግጦ፣ ተበድሮ ማከማቸት ግን ዕዳን እንጂ ዋጋን አያቆምም።