ከሮሃ እስከ ራስ ሆቴል
የአይቤክስ ባንድ አልበምና ዘመኑ

በላስታ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ላሊበላ የቀድሞ ስሟ ሮሃ ነበር። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ግንበኛ ያልተስማማውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ የሮሃ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን መመለስ አይቻለውም። ጠራቢው ሲሠራ ያበላሸው ዓምድ ቢኖር ሕንጻው ከነጉድለቱ ይቆማል።

ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ይህንኑ ስም ለራሱ የወሰደው የአዲስ አበባው ሮሃ ባንድ፣ ገና በቀድሞ ስሙ ይጠራ በነበረበት ጊዜ፣ የቀረጸው አንድ አልበም በአሠራሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ባንዱ በመጀመሪያ አይቤክስ ይባል ነበር። በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን ዋሊያስ የሚባል ሌላ ዝነኛ ባንድ ነበር፤ በስሜን ተራሮች የሚኖረውን አንዱን እንስሳ የከተማው ሙዚቀኞች አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ተካፍለውታል ማለት ይቻላል።

እነዚህ ባንዶች የተነሡበት ሁኔታ በአጭሩ መታወስ ይኖርበታል። ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ፤ በሩም በዚያው ተከፈተ። በአስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ፣ ከውጭ ከሚመጡ ሸክላዎችና ከሰላም ጓድ ወጣቶች የሚደርሰው የሶል፣ የብሉዝና የሮክ ድምፅ ደግሞ በተማሪውና በወጣቱ ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። የጂሚ ሄንድሪክስና የካርሎስ ሳንታና ጊታር በአዲስ አበባ ወጣቶች ጆሮ እንግዳ አልነበረም።

አይቤክስ ከዚህ ትውልድ ነው። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር፣ ሰላም ስዩም ወልደማርያም ሊድ ጊታር፣ ፈቃደ አምደ መስቀል ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በእ.ኤ.አ. 1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን በአሊ አብደላ ካይፋ አሳታሚነት አወጣ። ዘፋኝ የሌለበትን፣ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበትን አልበም የቀረጸው ግን በተከታዩ ዓመት በ1976 ነበር።

የተቀረጸው ከብሔራዊ ቴአትር እምብዛም በማይርቀው በራስ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባንዱ በሆቴሉ በመደበኛነት ይጫወት ስለ ነበር አዳራሹን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ የዳንስ አዳራሽ ለድምፅ ቀረጻ ታስቦ የተሠራ ክፍል አይደለም። የቀረጸው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ስዊድናዊ የድምፅ ባለሙያ ነበር። በዚያን ጊዜ ይወጡ ከነበሩት ሸክላዎች ብዙዎቹ በአንድ መሥመር የተቀረጹ ሲሆኑ የአይቤክስ ሥራ ስቴሪዮ መሆኑ በአልበሙ ስም ጭምር እንዲነገር ተደርጓል። ስሙ በቀላሉ «ስቴሪዮ የመሣሪያ ሙዚቃ» የሚል ትርጉም አለው። ዛሬ ለአልበም እንዲህ ያለ ስም የሚሰጥ ቢኖር የዕቃ መያዣ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ በ1976 አዲስ አበባ ግን ስቴሪዮ ራሱ ዜና ነበር። ተጫዋቾቹ በአንድ አዳራሽ አብረው እየተጫወቱ ሲቀረጹ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። የጊታሩን ስሕተት ለይቶ መፋቅ አይቻልም፤ ሁሉም እንደገና መጀመር አለበት። ሙዚቃው ልክ እንደ ሮሃ ዓምድ በአንድ ምት ይወጣል።

በጨዋታው ውስጥ የሰላም ጊታር ይጎተታል፣ ይጮኻል፣ በፔዳል ይለዋወጣል፤ ሳይኬደሊክ የሚባለው የባሕር ማዶ ስልት እዚህ ይሰማል። ሆኖም ብሉዝ በወሎ ምድር ለተወለደ ጆሮ ያን ያህል ባዕድ ያልሆነበት ምክንያት አለ። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ባቲ ማይነር የሚባለውን ብንለካው ከመነሻው ድምፅ በላይ 3፣ 5፣ 7 እና 10 ግማሽ ድምፆች ላይ ያርፋል። የብሉዝ ጊታር ተጫዋች መጀመሪያ የሚማረው ባለ አምስት ድምፅ መሰላልም በዚሁ ልክ ነው። ልዩነቱ ያለው በአደራረግና በጌጡ፣ እንዲሁም የብሉዝ ተጫዋቾች በመካከል በሚያስገቡት ተንሸራታች ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ የሄንድሪክስን ስልት የተማረ የአዲስ አበባ ወጣት ጣቱን ከመሰላሉ ሳያነሣ ወደ ባቲ መመለስ ይችል ነበር። ይህ ኩረጃ ነው የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፤ ልኬቱ ግን ይህን አይደግፍም።

ዘመኑ ለሙዚቀኛ ምቹ አልነበረም። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የተደነገገው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ቆርጦት ነበር፤ በየክለቡ የቆየ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ሙዚቀኛውም አብሮት ያድራል። ብሥራተ ወንጌል ራሱ በ1977 በመንግሥት ተወረሰ። በውጭ አገር ይታተም የነበረው ሸክላ በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ቀርቶ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ነገር ግን በተገለበጠ ቁጥር ይደክማል። ዋናው ማግኔቲክ ቴፕም ቢሆን ጊዜ ይጎዳዋል፤ የዚያ ዘመን ቴፖች ብዙዎቹ የብረት ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ስለሚላላ፣ ከመሰማታቸው በፊት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ለዘብተኛ ሙቀት ለሰዓታት መድረቅ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሳያውቅ ያጫወተ ሰው ሙዚቃውን ከቴፑ ላይ እየፋቀ ነው። የአይቤክስ አልበም ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ እንደገና ለመታተም መብቃቱ በዚህ ምክንያት ቀላል ነገር አይደለም።

አይቤክስ በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ሮሃ ባንድ ሆነ። ዩኔስኮ የሮሃን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1978 ስለ ነበር ስሙ በዚያ ሰሞን በብዙ ሰው አፍ ላይ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ሆኖ፣ በ1988 ለመጀመሪያ ዲግሪው ያቀረበው ጥናት ርዕስ የዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት በኢትዮጵያ ከ1896 እስከ 1974 የሚል ነበር። ጥናቱ የሚቆመው የራሱ ባንድ ስመ ጥር ከሆነበት ጊዜ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1986፣ ክራምድ የተባለ የቤልጂግ ኩባንያ «እሬ መላ መላ»ን በአውሮፓ አሳተመ። የባሕር ማዶ አድማጮች የማሕሙድን ድምፅ ሰምተው ከኋላው የሚጫወቱት እነማን ናቸው ይሉ ጀመር። በሽፋኑ ላይ ያነበቡት ስም አይቤክስ ነበር። በዚያው ወራት በአዲስ አበባ የካሴት መደብሮች የሮሃ ባንድ ካሴቶች ይሸጡ ነበር።