የኅዳር በሽታ፣ ጭሱና እስትንፋሱ

ኅዳር 12 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ቆሻሻው ከየደጃፉ ተጠርጎ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል። «ኅዳር ሲታጠን» ይሉታል። እኔ ከጋይንት የመጣሁት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ጭሱን አይቼ የመኝታ ጓደኛዬን ምንድነው ብለው፣ «ባሕል ነዋ!» አለኝና ተጠቅልሎ ተኛ። ባሕል ብቻ አይደለም፤ የሙታን መታሰቢያ ነው።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ በከተማዪቱ ላይ ወረርሽኝ ወረደባት። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ ፈረንጆቹ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ይሉታል። ስሙም ግፍ አለበት። እስፓኝ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረችና ጋዜጦቿ ሳይደብቁ ጻፉ፤ ተዋጊዎቹ ግን ወሬውን አፈኑት። እውነቱን የተናገረው ስሙን ተሸከመ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው እንደ ሞተ ይናገራሉ።

ለመሆኑ በምን መጣ? የዓለም ጦርነት የቆመው በዚያው ወር ኅዳር 2 ቀን ነው። ወታደሩ በመርከብ ከወደብ ወደብ ሲጓዝ በሽታውም አብሮ ይሳፈር ነበር። የጅቡቲው ባቡር ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በሽታው በዚያው ሐዲድ እንደ ወጣ ይታመናል። ጨርቅና ጨው ያመጣልን ሥልጣኔ ሳሉንም አመጣው ማለት ነው።

አመጣጡን ሳይንስ እንዲህ ያስረዳል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የጥንት ቤቱ የዱር ዳክዬና ሌሎች የውኃ ወፎች ናቸው። የዘር መልእክቱ በ8 ቁራጭ የተከፈለ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረስ በአንድ እንስሳ፣ ለምሳሌ በአሳማ አካል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ ይለዋወጡና አዲስ ፍጥረት ይወጣል። የሰው ደም ይህን አዲስ ጠላት አያውቀውም፤ ስለዚህ የሚያቆመው የለም። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1968 እና በ2009 የተነሡት ወረርሽኞች እንዲህ በመደባለቅ የተወለዱ ናቸው። የ1911ዱ ግን ባሕርዩ ለወፍ ቫይረስ የቀረበ እንደ ነበር ሊቃውንቱ ከሟቾች ሳንባ ቅሪት አንብበዋል።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የድጓ ተማሪ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ አኮፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይመጣል። በጎጆ ተሰብስቦ፣ የኔታን ከቦ፣ ዜማውን ከአፍ ወደ ጆሮ ይቀበላል። መጽሐፉ ቢኖርም ያለ መምህሩ ድምፅ አይሆንም። ታዲያ ኢንፍሉዌንዛም የሚሻገረው በዚሁ መንገድ ነው፦ በቅርበት፣ በአንድ ጣራ ሥር፣ በእስትንፋስ። ዜማውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያደረሰልን መቀራረብ በክፉ ቀን ሞትንም ያደርሳል። እንግዲህ ጭሱ ምን ያደርጋል? ቆሻሻ ማቃጠል ይህን በሽታ አይነካውም፤ ሳንባን ግን ይጎዳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ሲገኝ ትምህርት የተዘጋው ስለዚሁ እስትንፋስ ነበር።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የአዲስ አበባውን ሙት ቁጥር የጻፈ አልጋ ወራሽ ነበረ። ለጋይንት፣ ለስማዳ፣ ለእስቴ ገበሬ ግን ማን ጻፈለት? ሞት በየቀበሌው በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የገበሬው መዝገብ ተዝካሩና የአልቃሿ ግጥም ነበሩ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፦ በኅዳር በሽታ ከቤታችን ማን ሞተ? ማንስ ቀበረው? የሚነግሯችሁን ጻፉት። የምናጥነውን ጢስ ሳይሆን ያጣነውን ሰው እናስታውስ።