ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ማዶ፥ የዳይ ደን

በጅቡቲ ከተማ፥ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በተባለው ሰፈር ዳርቻ ቆሞ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፥ አየሩ በጠራ ዕለት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የጎዳን ተራሮች ያያል። ፈረንሳውያን በ1888 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከተማዋን መቈርቈር ሲጀምሩ መሠረት ካደረጓቸው ከፍታዎች አንዱ ይህ የኮራል ድንጋይ ሜዳ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ኹሉ በዚያው አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከደጋው አገር ወርደው በዚህች ሞቃት ከተማ ኖረዋል። ከእነርሱም ውስጥ፥ በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የለመደው የጽድ ዛፍ በዚያ ሰማያዊ ተራራ ራስ ላይ እንደሚበቅል የሚያውቅ ጥቂት ሳይኾን አይቀርም።

ወደ ደኑ በየብስ የሚሄድ እንግዳ ባሕረ ሰላጤውን ይዞራል። መንገዱ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል የጨው ሐይቅ አካባቢ ካለፈ በኋላ ወደ ታጁራ አውራጃ ይዘልቃል፤ ከዚያም ዳገቱ ይመጣል። በመዠመሪያ ጥቁር ድንጋይና ግራር ብቻ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺሕ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን ነፋሱ ይቀዘቅዛል፥ ወይራውም ይታያል፤ ከዚያም በላይ ጽዱ ይቆማል። የመናገሻንና የወፍ ዋሻን ደን ያየ ሰው ዛፉን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዘሩ አንድ ነውና።

በበረሃ መካከል ይህ ደን ከየት መጣ? ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት በዚህ አገር ዝናሙ ከዛሬው እጅግ የበዛ ነበር፤ አሳልም ከዛሬው ይልቅ ከፍ ብሎ የሞላ ሐይቅ ነበር። ምድሩ ሲደርቅ የደጋ ዛፎች ወደ ላይ ሸሹ፤ የመጨረሻ መጠጊያቸውም የተራራው ራስ ኾነ። በዚያ የሚያኖራቸው ዝናሙ ብቻ አይደለም፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው ጉም በቅጠላቸው ላይ እየረጋ ይንጠባጠባል። ከዛፎቹም ጋራ የሚኖር አንድ የቆቅ ዓይነት አለ። ሊቃውንት በ1952 ለይተው የገለጹት ይህ ወፍ፥ ከጎዳና ከጎረቤቱ ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም።

ደኑ በ1939 በቅኝ ገዢው መንግሥት ጥበቃ እንዲደረግለት ታወጀ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ዐዋጅ ያለው ደን ለምልሞ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ጎብኚ ግን ያዝናል። ከጽዶቹ ብዙዎቹ ቆመው የደረቁ ናቸው፤ ግንዳቸው ዐመድማ፥ ቅርንጫፋቸው ራቁት ነው። ምክንያቱን አንዳንዶች ለድርቅና ለጉሙ መመናመን፥ አንዳንዶች ለከብትና ለፍየል ብዛት፥ ሌሎችም ለዛፍ በሽታና ለማገዶ ቈረጣ ይሰጣሉ፤ ምናልባትም ኹሉም በአንድነት ሠርተው ይኾናል። ከ1991 እስከ 1994 በሰሜኑ አውራጃ የተደረገው የርስ በርስ ጦርነትም ለጥበቃው ሥራ የሚረዳ አልነበረም።

በመናገሻ ስላለው ደን ሲተረክ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ያ ደን የንጉሥ ትእዛዝ ነበረው፤ ከትእዛዙም ጋራ የሚጠብቅ ሰው ነበረው። የዳይን ጽድ ግን የተከለው ማንም የለም። የዐፋር ሕዝብ ግን ደሶ የሚባል ሥርዐት አለው፤ ሽማግሌዎች ተማክረው አንዱን የግጦሽ ስፍራ ለተወሰነ ጊዜ ከመንጋ ይከለክላሉ፥ ሣሩ ሲያገግምም ይከፍቱታል። ከሩቅ ከተማ የወጣ ዐዋጅ በየማለዳው ፍየል የሚመልስ እረኛ ሊኾን አይችልም፤ ደሶን የሚያስከብረው ግን እዚያው የሚኖረው ባለ ከብት ራሱ ነው።

ተማሪዎቹን ይዞ ወደዚያ የሚወጣ መምህር፥ ልጆቹ አስቀድመው ትልልቆቹን ዛፎች ቀና ብለው እንደሚያዩ ያውቃል። የደኑ ዕድል የሚታየው ግን ከእግራቸው ሥር ነው። በደረቁት ግንዶች መካከል የጽድ ችግኝ ጥቂት ነው፤ የበቀለውንም ፍየል ቶሎ ታገኘዋለች።