ፍንጩን የሰጡት እናቶች

በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚኔሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ አንድ ታማሚ ለዶክተር ፊሊፕ ሄንች፣ የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያ ሕመሙ እንደተወው ነገረው። ሄንች ነገሩን ችላ አላለውም። ቆየት ብሎ ጣታቸው ያበጠ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸው አልዘረጋ የሚላቸው ሴቶች ሲያረግዙ ሕመሙ ለቀቅ እንደሚያደርጋቸው፣ ሲወልዱ ደግሞ እንደሚመለስባቸው አስተዋለ፤ በ1938 ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። በወፍ በሽታም በእርግዝናም ጊዜ ሕመሙን የሚያስታግስ አንድ ነገር በሰውነት ውስጥ አለ ብሎ «ንጥረ ነገር ኤክስ» አለው።

ፍለጋው ከባልደረባው ከኤድዋርድ ኬንዳል ጋር ኮርቲዞን ወደተባለው ሆርሞን አደረሰው። በ1948 መድኃኒቱን የተወጋችው የ29 ዓመት ሴት፣ መንቀሳቀስ ተስኗት የነበረችው፣ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 ሁለቱ ከኬሚስቱ ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የመድኃኒቱ ጉዳትም ብዙ ሳይቆይ ታየ።

እኔን የሚከነክነኝ የእናቶቹ ነገር ነው። ፍንጩ ከእነሱ መጣ፤ የራሳቸው ጥያቄ፣ ሕመሙ በእርግዝና ለምንና ለማን እንደሚበርድ፣ ግን ለአሥርተ ዓመታት ተጓተተ። በ1993 ጽንሱ ከአባቱ የወረሰው የሕዋስ መለያ ከእናቱ ሲለይ ሕመሙ የመቀዝቀዝ ዕድሉ እንደሚጨምር ታወቀ። በ2008 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ፣ እርግዝናቸው ሲጀምር ሕመሙ ከበረታባቸው የተሻላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ፣ ከወሊድ በኋላም ከ100 ሴቶች 39ኙ እንዳገረሸባቸው አሳየ። ስለዚህ «አርግዢ፣ ይሻልሻል» ማለት ሴትየዋን ለዕድል መተው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማርገዝ በፊት ነው። የሕመሙ ዋና መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ጽንስን ስለሚጎዳ ከ1 እስከ 3 ወር አስቀድሞ ይቆማል። ግን ቆሞ ብቻ አይቀርም፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ወይም ሰልፋሳላዚን ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ ይተካውና ሕመሙ ረግቶ ይታያል። ሰርቶሊዙማብ የተባለው መርፌም በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ኢንፍሊክሲማብ የተባለው ሌላ መርፌ ግን በእርግዝናው መገባደጃ ወደ ሕፃኑ አልፎ የመከላከል አቅሙን ስለሚያዳክም፣ እንደ ኢትዮጵያ ባለ፣ ሕያው ባክቴሪያ የያዘው የቢሲጂ ክትባት ገና ሲወለድ በሚሰጥበት አገር እናት መድኃኒቱን መውሰዷን ሳትናገር ሕፃኑ መከተብ የለበትም።

ከሁሉ የሚዘነጋው የአራስነቱ ጊዜ ነው። ሕመሙ የሚያገረሸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጠያቂው ገንፎውን ቀምሶ ከተሰናበተ በኋላ፣ ሕፃኑን ማንሳትና ማጥባት በእሷ ጣቶች ላይ ሲወድቅ ነው። ከተጠቀሱት መድኃኒቶች ከሜቶትሬክሴት በቀር አብዛኞቹ ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። የትኛው፣ መቼ እንደሚጀመር ከሐኪሟ ጋር የምትወስነው ሆዷ ሳይገፋ ነው።